ቀለሙን ለማለት ነው

ምንትዋብ «ሕዋ መጻሕፍት»ን ያቋቋመች ጊዜ ዘመድ ወዳጅ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አበደች አለ፣ ግማሹ ልትከብር ነው አለ፣ የቀረው ደግሞ ሁለቱንም አለ።

እንዴት አይል! አብዮቱ ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል፤ መጽሐፍ ማለት ወይ ትግል ነው ወይ ምርት ነው። እሷ በአንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ታይፕ ስትመታ የኖረች ሴት ናት። ጠዋት ማታ «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው» የሚል ዐረፍተ ነገር ስትደበድብ ኖራ ኖራ፣ አንድ ቀን ከርእሱም በላይ ምን እንዳለ ማየት አማራት። ኪስ ውስጥ የምትገባ፣ ታክሲ ሲጠበቅ የምትነበብ፣ ከጨረቃ ማዶ ስላለ አገር የምታወራ መጽሐፍ። አማራት ነው የሚባለው፣ ልክ እንደ እርጉዝ ሴት። አምሮት ደግሞ ካልወጣ ምልክት ይጥላል።

ሥራዋን ለቀቀችና ኦሎምፒያ፣ ከአብዱልሐሚድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጀርባ ያለችውን ክፍል ያዘች። አብዱልሐሚድ ከወረባቦ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ደብተርና እርሳስ ይሸጣል፤ ሳቁ ከሱቁ ይሰፋል። «ወረቀቱ ከእኔ፣ እብደቱ ከአንቺ» ብሎ ሽርክና ገባ። ሚስቱ ሰኪና ይህን ስትሰማ፣ «እብደቱንም ከቤት ይዘህ መሄድ ትችል ነበር» አለችው።

የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው በስሙ ነው። ታፔላው በተሰቀለ ማግስት የቀበሌው ጥበቃ ጓድ ዱባለ መጥቶ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብሮ አነበበና በሩን አንኳኳ።

«ጓዲት፣ ይሄ የየትኛው ድርጅት ህዋስ ነው?»

«ህዋስ አይደለም ጓድ ዱባለ። ሕዋ ነው።»

«‹ስ›ዋ የት ሄደች?»

«ከመጀመሪያውም አልነበረችም።»

«ደብቃችኋታል ማለት ነዋ!»

አብዱልሐሚድ ከባንኮኒው ዘሎ ወጣ። ዱባለን በክንዱ ይዞ ወደ ደጅ አወጣውና ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። «አየኸው? ያ ሁሉ ሕዋ ነው።»

«እሱማ ሰማይ ነው።»

«ከሱ በላይ ያለው።»

ዱባለ ለረጅም ጊዜ ሽቅብ አየ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ፀሐዩን ከለለ። በኋላ ፊቱ ፈካ አለ። «እንግዲያው ከእኔ ቀበሌ ውጭ ነው» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

ሁለተኛው ጣጣ ጸሐፊ ማግኘት ነበር። እሱንም እግዜር ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላከላት። ላጲሶ ይባላል፤ የአየር ጠባይ የሚመዘግብ ዓይናፋር ሰው ነው። በየጠዋቱ አንዲት ትልቅ ፊኛ ወደ ላይ ይለቅና፣ ፊኛዋ ሄዳ ሄዳ እስክትፈነዳ ድረስ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ምዕራፎቹ ሁሉ አጫጭር ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይም አንድ ነገር ይፈነዳል።

የመጀመሪያ መጽሐፉ «በጨረቃ ላይ የጠፋች በቅሎ» ተባለ። የመንዝ ነጋዴ ጨረቃ ላይ ወጥቶ በቅሎው ትጠፋበታለች፤ ሲፈልግ፣ ሲፈልግ፣ መጽሐፉ ያልቃል። በቅሎዋ አልተገኘችም። ላጲሶ ይህ ጥበብ ነው አለ። አንባቢ ግን ጥበብ አልፈለገም፤ በቅሎዋን ፈለገ። ሱቁ ድረስ እየመጡ «ተገኘች?» የሚሉ በዙ። አንድ የከባድ መኪና ረዳትማ «ምልክቷን ንገሩኝና እኔ በየመንገዱ ልጠያይቅ» እስከ ማለት ደረሰ። ስለዚህ ሁለተኛው መጽሐፍ «በቅሎዋ ተገኘች» ተባለ። ሁሉ ነገር ርእሱ ላይ ተዘርግፎ ማን ይገዛዋል ብለው ፈርተው ነበር፤ ሰው ግን እፎይ ለማለት ሲል ገዛው።

ሦስተኛው መጽሐፍ ሲመጣ ምንትዋብ አነበበችውና አልጋዋ ላይ በሳቅ ተንከባለለች። የአሰብን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን እምቢ ስላለው ወደ ላይ የወደቀ ሹፌር ታሪክ ነው። ወድቆ ወድቆ አንድ ሌላ ዓለም ላይ ያርፋል። እዚያ ሰዉም፣ በጉም፣ ወተቱም፣ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ነው። መንግሥቱም ሰማያዊ ነው። አየር የሚታደለው በወረፋ ሲሆን፣ ተራው ያልደረሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ጽሑፉን የመረመረው የሳንሱር ሰው፣ «የሕዋ ሳይንስ ነው፣ ሶቪየቶችም ይወዱታል» ብሎ ማኅተሙን መታና ለትምህርት ወደ ቡልጋሪያ በረረ። የመጽሐፉ ርእስ «ሰማያዊው መንግሥት» ሆነ።

እስካሁን ነገሩ ያልገባው አንባቢ ካለ አይፈረድበትም፤ ለምንትዋብም አልገባትም። አንድ ቃል ዐሥር ጊዜ ሲያዩት አንድ ፊቱ ብቻ ይቀራል። ላጲሶ ሰማያዊ ሲል ቀለሙን ነው፤ እሷም ስታነብ የታያት ያው ቀለሙ ነው።

ሽፋኑን እንዲሥሉላት የሄደችው አለቃ ገብረየስ ዘንድ ነው። አለቃ ዑራኤል አካባቢ የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። እጃቸው የተባረከ ነው፤ የሣሉት ሰው ዓይን ከቤት እስኪወጡ ድረስ ይከተላል። ጉንፋን ይዟት፣ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ፣ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው።

«አለቃ፣ አንድ ሰማያዊ ሰው ይሣሉልኝ።»

«ሰማያዊ ሰው። እሺ።»

«ከሰማይ ሲወርድ።»

«መቼስ ከየት ይመጣል!»

«ከታች ያሉት ሰዎች ቀና ብለው ያዩታል፤ ይደነግጣሉ።»

«ይደነግጡ እንጂ።»

«ዙሪያውን ብርሃን ቢኖረው ደስ ይለኛል።»

አለቃ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ይህን ዓይነቱን ስንት ጊዜ ሥያለሁ መሰለሽ። ርእሱ ማን ይባላል?»

«ሰማያዊው መንግሥት።»

ሽማግሌው ብድግ ብለው አማተቡ። «እኔ እኮ ወሬሽን ስሰማ ዓለም ወሰዳት ብዬ ነበር። ይቅር ይበለኝ። ተኚ፣ ተሸፋፍነሽ ተኚ፤ እኔ ራሴ ማተሚያ ቤቱ ድረስ አደርስልሻለሁ።»

ምንትዋብም ደግነታቸውን አመስግና ተሸፋፍና ተኛች።

መጽሐፉ ታትሞ ጥቅል ጥቅሉ ኦሎምፒያ ሲደርስ የመጀመሪያውን ገመድ የፈታው አብዱልሐሚድ ነው። ፈታና ዝም አለ። አብዱልሐሚድ ዝም ሲል ጎረቤት ይሰጋል።

«ምንትዬ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ይሄ ሰውዬ ክንፍ አለው።»

«የመንኮራኩሩ ይሆናል።»

«ላባ አለው።»

ሮጣ መጣች። ሊቀ መላእክት ነው! ቀይ ካባ ደርቦ፣ ወርቅ ዘርፍ አንጠልጥሎ፣ ዓይኖቹን እንደ ሁለት ስኒ ከፍቶ፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ይወርዳል። ከበላዩ በደማቅ ፊደል «ሰማያዊው መንግሥት» ይላል። ከበታቹ «ሕዋ መጻሕፍት፣ ኦሎምፒያ»። ከታች ቀና ብለው ከሚያዩት ሰዎች መካከል አንዱ አብዱልሐሚድን ይመስላል።

ላጲሶ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተጠርቶ መጣ። ሽፋኑን አገላብጦ አየ። «እትዬ፣ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ እንኳ የለበትም እኮ! ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ አረንጓዴ አለ። ሰማያዊ ብቻ የለም!»

«እኔን እዩኝ እንጂ!» አለ አብዱልሐሚድ። «እናቴ ወረባቦ ቁጭ ብላ ‹ልጄ እርሳስ ይሸጣል› ነው የምትለው። አሁን መልአክ አሳተመ ሲሏት ምን ትበል?» ትንሽ አሰበና ሽፋኑን ከፍ አድርጎ ያዘው። «ግን ያምራል። እኔንም ቢሆን ቀጠን አድርገውኛል።»

እንደገና ለማሳተም ወረቀት የለም። የወረቀት ኮታ እንደ ዝናብ ነው፣ ሲመጣ ይመጣል። ምንትዋብ «እንግዲህ የመጣውን መቀበል ነው» አለችና ሳቋ መጣባት፤ እሷ ስትስቅ አብዱልሐሚድ ተከተለ፤ ላጲሶም ሳይወድ በግዱ ገባበት።

መጽሐፍ አዟሪዎቹ ሽፋኑን ሲያዩ አልሳቁም። ተያዩ። ዕለቱ ወር በገባ ሃያ ሁለት ነው። መጽሐፉን በየክንዳቸው ታቅፈው ቀጥታ ዑራኤል ደጃፍ ወረዱ። ቅዳሴ ሳይወጣ አለቀ! እናቶች ሽፋኑን እየሳሙ፣ ግንባራቸውን እያስነኩ ወሰዱት። ሥዕሉ ዑራኤል ነው፣ የለም ሚካኤል ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ ሁለት እናቶች ተኮራርፈው ነው የተለያዩት። አዟሪዎቹ እየሮጡ ተመልሰው «ጨምሩልን!» አሉ። ምንትዋብና ሰኪና ከሱቁ ጀርባ ተቃቅፈው እንደ ኮረዳ ዘለሉ።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት አዛውንት ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ገቡ። እማማ ወርቅዬ ይባላሉ፤ መጽሐፉን ገዝተው በጎረቤት ልጅ አስነብበዋል።

«ይሄን ያወጣሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማማ።»

«በሰማያዊው መንግሥት አየር በወረፋ ነው?»

ምንትዋብ የያዘችውን መጽሐፍ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«መልሽልኝ እንጂ! ለስኳር ተሰለፍን፣ ለሳሙና ተሰለፍን፣ ለጤፍ ተሰለፍን፣ ዝም አልን። እዚያ እንኳ እናርፋለን ብለን! ከሞትን ወዲያም ልንሰለፍ ነው?»

«እማማ፣ ቀለሙን ለማለት ነው። ሰማያዊ ያልነው ቀለሙን ነው።»

እማማ ወርቅዬ ዓይኗን ዓይኗን አዩዋት። «የምን ቀለም ነው የምትዪኝ? ለማንኛውም ያ ሹፌር ተመለሰ? የምታነብልኝ ልጅ እሱ ጋ ስትደርስ ወጡ አረረባትና ጥላኝ ሮጠች።»

«ተመልሷል።»

«ተመስገን» አሉና ወጡ። ቃሉ ግን አብሯቸው ወጣ። ከኦሎምፒያ እስከ ካዛንቺስ፣ ከዑራኤል እስከ ቦሌ «በሰማይም ወረፋ አለ» የሚል ወሬ ነደደ። የወሬ ነገር ሆኖ ደግሞ ሲመለስ ጨምሮ ነው፤ «የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ተይዘዋል» ተባለ።

ያኔ ስልክ ተደወለ። ቡልጋሪያ በሄደው የሳንሱር መርማሪ ቦታ የተተካው ጓድ ረታ ነበር። ድምፁ የደከመ ነው። የሕዋ መጻሕፍት የሥራ ፈቃድ ለጊዜው ታግዷል፤ ፈቃዱን ይዘው እንዲቀርቡ፤ ዓርብ የበላይ ኃላፊው ጉዳዩን ያያል፤ እስከዚያ መላ ካልተገኘ ድርጅቱ ይዘጋል፣ መጽሐፉም ይወረሳል። ምንትዋብ ስልኩን ዘጋች። ታይፒስትነቷን ጥላ የመጣችበት፣ ሰው ሁሉ አበደች ያለበት፣ እሷን ግን ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ የሚያስነሣት ነገር ይህ ብቻ ነው። ፈቃዱን ከግድግዳው ላይ አወረደችና በነጠላዋ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘችው፤ እንደ ታመመ ሕፃን።

ላጲሶንና አለቃ ገብረየስን አስከትላ ሄደች። አብዱልሐሚድ «እኔ ከሄድኩ እስቃለሁ» ብሎ ቀረ።

ጓድ ረታ የቀድሞ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈራ ሰው ነው። «ከእኔ በላይም የሚያነብ አለ» ይላል በየመካከሉ፣ ጣሪያውን በዓይኑ እየጠቆመ። መጽሐፉ ፊቱ ተቀምጧል። መልአኩ አራቱንም ያያቸዋል።

«አለቃ፣» አለ በትሕትና፣ «ይህንን ክንፍ ማጥፋት ይቻል ይሆን?»

«ልጄ፣ እኔ መልአክ ሥዬ አውቃለሁ። ነቅዬ አላውቅም።»

«ሰማያዊ ሰው ነው የታዘዙት አሉኝ እኮ።»

«ታዲያ ሰማያዊ አይደለም?»

«ሰማያዊ ማለት ...» ረታ ግንባሩን ያዘ። «እሺ። ሥዕሉን እንተወው። ቃሉን ነው የምናስተካክለው። ሰማያዊ የሚለውን በሌላ ቀለም እንተካዋለን፣ አለቀ። ለምሳሌ ቀይ። ቀይ የላብ አደሩ ቀለም ነው፤ ማንም ምንም አይልም።»

ላጲሶ ተደሰተ። መጽሐፉን አንሥቶ፣ ቀለሙን እየለወጠ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «‹የቀዩ መንግሥት ሹማምንት አየሩን በጆንያ ቋጥረው ከአልጋቸው ሥር ደበቁ። ሕዝቡንም፦ ጠግባችሁ ተንፍሳችሁ ነበር፣ አሁን ታገሡ አሉት።›»

ረታ ተነሥቶ በሩ መዘጋቱን አየ።

«ቀይ ይቅር» አለ ረታ በሹክሹክታ።

«ነጭ ብንለውስ?» አለች ምንትዋብ።

«ነጭ! ሴትዮ፣ ነጭ የሚለውን ቃል እዚህ ቢሮ ውስጥ ከወረቀት ጋር ካልሆነ አያንሡብኝ!»

«አረንጓዴ?»

ረታ አሰበ፣ አረንጓዴን ለመውደድ ሞከረ። «የግብርና ሰዎች እኛን ነው ቢሉስ? ... አይሆንም። ቢጫስ?»

«ቢጫ የሆነ ሰው ሐኪም ቤት ነው የሚወሰደው» አሉ አለቃ። «የወፍ በሽታ ነው።»

«ጥቁር» አለ ላጲሶ።

«ጥቁር ሕዝብ አየር ተከለከለ? አፍሪካ በምትታገልበት ሰዓት? ምን ነካህ!»

ግራጫ የአህያ ነው ተብሎ ወደቀ። ወይን ጠጅ ሠራተኛውን ወደ መጠጥ ይመራል ተብሎ ወደቀ። ላጲሶ ላብ በላብ ሆኗል። «እሺ፣ ቀለም አይኑራቸው። ጭራሽ አይታዩ!»

«የማይታየው መንግሥት?» ረታ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «ሕቡዕ ድርጅት ልታቋቁም ነው?»

ምንትዋብ ፈቃዱን በነጠላዋ ውስጥ ጨበጥ አደረገችው። በዓለም ላይ ያለ ቀለም እያለቀ ነው፤ ዓርብ ደግሞ ነገ ነው። በልቧ «አንተ ሁሉን በየቀለሙ የፈጠርክ፣ አንዲት አትርፍልን» አለች።

ረታ ድንገት ጠረጴዛውን መታ። «ጠይም!»

ሁሉም ተያዩ። ጠይም። ማንንም አይነካም፤ ባንዲራ ላይ የለም፤ ሰልፍ ላይ የለም፤ የዘፈን ቀለም ነው። ላጲሶ በደስታ ገጹን ገለጠ፦ «‹ሹፌሩ ዓይኑን ሲገልጥ ጠይም ሰዎች ተሰልፈው አየ። ጠይም እናቶች ጠይም ልጆቻቸውን አዝለዋል። አንድ ጠይም ሹም መጥቶ፦ ዛሬ አልገባም፣ ነገ ይገባል ተብሏል፣ ወረፋችሁን ግን እንዳትለቁ አላቸው።›»

«ይሄማ የእኛ ቀበሌ ነው!» አለ ረታ።

ቃሉ ሳያስበው ነው ያመለጠው። እጁን አፉ ላይ ጫነ። ግን ሳቅ በጣት አይያዝም፤ በአፍንጫው ወጣ። ላጲሶ መጽሐፉን ፊቱ ላይ ጋረደ፤ መጽሐፉ ይንቀጠቀጣል። ምንትዋብ ነጠላዋን ጎረሰች። አለቃ ብቻ ነገሩ አልገባቸውም ነበርና «ምን ተባለ? ሹሙ ምን አለ?» ሲሉ ጭራሽ ባሰ። ረታ እንባው እየወረደ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ጸሐፊዋ ከውጭ በሩን አንኳኳች።

«ይሄ ቀልድ አይደለም!» ብሎ ጮኸ ረታ፣ እንዲሰማ። «ከባድ ጉዳይ ነው!» እንደገናም ተደፋ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። ረታ መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ፤ አሁን የሚያዩዋት ዓይኖቹ የመርማሪ አልነበሩም። «እሜቴ ምንትዋብ፣ ምን ላድርግዎት? እኔ ባሳልፈው እሳቸው አያሳልፉትም። ሰማያዊ ሲያዩ ስብከት ነው የሚሉት።»

«ጓድ ረታ፣» አለች፣ «ቀለሙ ምንም አላጠፋ። ጥፋቱ ሰው ቀለም መሆኑን አለማወቁ ነው። እማማ ወርቅዬ የሚባሉ ሴት መጥተው ሲቆጡኝ አንድ ቃል ብቻ ነው የመለስኩላቸው። እሱኑ ሽፋኑ ላይ እንጻፈው።»

«ምን ብለን?»

«‹ቀለሙን ለማለት ነው› ብለን።»

ረታ ቃሉን ደጋግሞ ቀመሰው። እንደ ሒሳብ አስተማሪ ከፊትም ከኋላም ፈተሸው። ስሕተት አላገኘበትም። ብዕሩን አነሣ።

ማተሚያ ቤቱ በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ ቀሪዎቹን መጻሕፍት አንድ በአንድ እየሰጡት፣ ቃሉን በነጭ ጥብጣብ ላይ በጥቁር ፊደል አተመባቸው። ከላይ ርእሱ አለ፤ ከታች የድርጅቱ ስም አለ፤ ባዶ ቦታ የተገኘው መሐል ላይ ብቻ ነው። መሐል ላይ ደግሞ መልአኩ ሁለት እጆቹን ዘርግቷል። ጥብጣቡ ከእጅ እስከ እጅ ልክክ አለ! ሊቀ መላእክቱ መፈክር ይዞ ሰልፍ ወጣ።

ምንትዋብ አየችው። የወረቀት ቁልል ላይ ቁጭ አለች። «ጌታዬ፣» አለች፣ «እኔ አይደለሁም። አንተው ታውቃለህ።»

ዓርብ ጠዋት ከበላይ ኃላፊው በር ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ረታ መጽሐፉን ይዞ ገባ። በሩ ገርበብ ብሏል። የገጽ መገለጥ አልሰማችም፤ ሽፋኑን ብቻ እያዩት ነው። ከዚያ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ይሄ ሰልፈኛ ማን ነው?»

«እ ... የሕዋ ሰው ነው ጓድ።»

«የያዘው መፈክር ምን ይላል? መነጽሬን ረስቼ መጣሁ።»

ረታ ትንፋሹን ሲስብ አግዳሚው ድረስ ተሰማት። «ስለ ቀለም ነው ጓድ። ቀለሞች ሁሉ እኩል ናቸው የሚል ... መንፈስ አለው።»

«የዘር መድልዎን የሚቃወም ነዋ!»

«እንዲያ ... እንዲያም ሊባል ይችላል።»

«ታዲያ እዚህ ድረስ ምን አመጣው? አሳልፈው!»

ረታ ሲወጣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ፈቃዱን ዘረጋላት፤ አዲሱ ማኅተም ገና እርጥብ ነው። ሁለቱም መነጋገር አልደፈሩም፤ አፋቸውን ቢከፍቱ የሚወጣውን ያውቁታል። ደረጃውን እስክትወርድ ቻለች። ውጭ ስትደርስ የግቢውን ዛፍ ተደግፋ ሳቀች፣ ዘበኛው ውኃ እስኪያመጣላት ድረስ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማንም አልገመተም። አገሩ ሰምና ወርቅ ሲፈታ ያደገ አገር ነው። መጽሐፍ አውጥተህ፣ ማንም ሳይጠይቅህ «ቀለሙን ለማለት ነው» ብለህ ከጻፍክበት ሰው ምን ይላል? «አሃ! እንግዲያው ቀለሙን ለማለት አይደለም» ይላል። አለም! ዑራኤል ደጃፍ ሲሸጥ የነበረው መጽሐፍ አሁን ቦሌ መንገድ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየታክሲ ተራው በእጅ በእጅ ሆነ። መምህሩ አንድ ወርቅ አወጣ፣ ሹፌሩ ሌላ ወርቅ አወጣ፣ የባንክ ሠራተኞች ምሳ ሰዓት በር ዘግተው ተከራከሩ። አንዱ ስለ ፍቅር ነው አለ፤ ሌላው ስለ ውኃ ክፍፍል ነው ብሎ ማለ። ጓድ ዱባለ ሳይቀር አንድ ኮፒ በካፖርቱ ከቶ፣ ሱቁ ውስጥ ገብቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ «እኔን እንኳ ንገሩኝ» አለ።

«ቀለሙን ነው» አለችው ምንትዋብ።

ዱባለ ጠቀሳት። «ገብቶኛል» አለና እየሳቀ ወጣ።

ላጲሶ ብቻ ትንሽ ከፋው። «እትዬ፣ እኔ እኮ እውነት ቀለሙን ነው ያልኩት!» ይላል። ግን ማን ይሰማዋል፤ ራሱ የጻፈውን የማያውቅ ሰው ተብሎ ይበልጥ ተከበረ።

መጽሐፉ አለቀ። አዟሪዎቹ በሩን ሊሰብሩ ደረሱ። ምንትዋብ ፈቃዷን ግድግዳው ላይ እንደገና እየሰቀለች ሳለ አብዱልሐሚድ ከመጋዘኑ ወጣ። ጸጉሩ ላይ ሸረሪት ድር አለ፤ ፊቱ ላይ ያልታወቀ ነገር አለ።

«ምንትዬ፣ ወረቀት አገኘሁ። ለድጋሚ እትሙ ይበቃናል፤ ይተርፋልም።»

«አልሐምዱሊላህ በል!»

«ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ አለ።» ክንዱ ሥር የያዘውን ዘርግቶ አሳያት። «ነጭ አይደለም። ያለው ቀይ ብቻ ነው።»

ሁለቱም ወረቀቱን አዩት። እንደ በርበሬ ቀይ ነው። ሰማያዊው መንግሥት፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ በቀይ ላይ! ሰኪና ከጓዳ ብቅ ብላ አየችውና ሳትናገር ተመልሳ ገባች፤ ሳቋ ግን ወጣ።

ምንትዋብ ስልኩን አነሣችና ቁጥሩን መታች።

«ጓድ ረታ፣ እንደምን ዋሉ። ትልቅ ጉዳይ አይደለም። አንዲት የቀለም ጥያቄ ነበረችኝ።»

ከዚያኛው ጫፍ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«ይቆዩኝ፣» አለ ረታ፣ «በመጀመሪያ ልቀመጥ።»